የኤርፖርት ግራንት ማመልከቻ በማን ዓይን ይመዘናል? የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለባችሁ የሚያሳይ ንጽጽር

ጋሼ የምላቸው አንድ ጡረተኛ ሲቪል መሐንዲስ አሉ። ቨርጂኒያ ውስጥ የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ የኤርፖርት ኮሚሽን አባል አድርጋ ሾማቸዋለች። አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን ወፍራም ማህደር ከቦርሳቸው አወጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት ጽፈን ላክን። የመጣልን መልስ ሁለት መስመር ነው። እስኪ እየው፣ ምን አጉድለን ነው?» አሉኝ።

ገለጥ ገለጥ አደረግኩት። ፎቶዎቹ ያምራሉ። የከንቲባው ደብዳቤ አለ፤ የነጋዴዎቹም አለ። የጠየቁት ራንዌዩን፣ የአውሮፕላን መንደርደሪያውን፣ ለማስረዘም የሚሆን ግራንት፣ ማለትም የማይመለስ የመንግሥት ገንዘብ ነው። ምክንያታቸው ደግሞ ትልልቅ የግል ጄቶች እንዲመጡ ነው። ከማህደሩ የጠፋው አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ ዛሬ በዓመት ስንት ጊዜ ጄት ያርፋል፣ ስንት ጊዜ ይነሳል የሚለው።

ለአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ማለትም ለኤፍ ኤ ኤ፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነበር። የራንዌይ ርዝመት የሚወሰነው ኤርፖርቱን አዘውትሮ በሚጠቀመው ከባድ የአውሮፕላን ዓይነት ወይም ተመሳሳይ ቡድን ነው። «አዘውትሮ» የሚለውም ቁጥር አለው፤ መነሳትና ማረፉ ተደምሮ በዓመት ቢያንስ 500። ለልምምድ መሬት ነካ አድርገው የሚነሱት አይቆጠሩም። «ራንዌዩ ከረዘመ ይመጣሉ» ማለት ለመዛኙ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

የጋሼ ማመልከቻ ችግሩ አጻጻፉ አልነበረም። ለዚያ ሥራ ያ በር አይደለም የሚንኳኳው። የኤርፖርት ገንዘብ ብዙ በር አለው፤ ከእያንዳንዱ በር ጀርባ ደግሞ ሌላ ዓይነት ሚዛን ተቀምጧል። ይህን የጻፍኩት በየከተማው ኮሚሽንና ምክር ቤት ውስጥ ለገባችሁ ወገኖች፣ በአማካሪ ድርጅት ለምትሠሩ መሐንዲሶች፣ እንዲሁም «ለምን የኛ ከተማ ኤርፖርት አልታደሰም?» ብላችሁ በስብሰባ ላይ እጃችሁን ለምታወጡ ነዋሪዎች ነው። እንጀራችን ከኤርፖርት ጋር የተሳሰረ ብዙ ነን። በታክሲው፣ በፓርኪንጉ፣ በዊልቸሩ፣ በምግብ ቤቱ። ገንዘቡም ቢሆን የኛው ነው። በአገር ውስጥ በረራ ትኬት በቆረጣችሁ ቁጥር 7.5 በመቶ የፌዴራል ታክስ ትከፍላላችሁ። ያ ታክስ ከነዳጅና ከሌሎች የበረራ ቀረጦች ጋር በ1970 ወደ ተቋቋመው የአቪዬሽን ፈንድ ይገባል። ከዚህ በታች ከማነሳቸው በሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የሚከፈቱት ከዚያ ፈንድ ነው።

## መጀመሪያ መስፈርቶቹ

ምንጮቹን ከማነጻጸራችን በፊት በምን እንደምናነጻጽራቸው እንስማማ። እኔ አምስት ነገር እጠይቃለሁ።

ገንዘቡ በቀመር የሚደርሰን ነው ወይስ ከሌላ ኤርፖርት ጋር ተፎካክረን የምናገኘው? ይህ ከሁሉ ይበልጣል። በቀመር የሚመጣ ገንዘብ ላይ መዛኙ የሚጠይቀው «ይፈቀዳል ወይ?» ብሎ ነው። ውድድር ላይ ግን «ከጎረቤቱ ይብሳል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛ፣ ምን ዓይነት ሥራ ይከፍላል? ሦስተኛ፣ ከራሳችን ካዝና ስንት እናዋጣለን? አራተኛ፣ በማመልከቻው ቀን ምን ያህል ዝግጁ መሆን አለብን? አምስተኛ፣ ገንዘቡን ስንቀበል የምንገባው ቃል ምንድን ነው? አምስተኛውን ብዙ ሰው ፈርሞ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚያነበው። ወደ መጨረሻ እመለስበታለሁ።

## ከነጥቡ በፊት ያለው ወንፊት

የፌዴራል ገንዘብ ሁሉ ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ያበጥራል። ኤርፖርቱ በብሔራዊ የኤርፖርቶች ዕቅድ ውስጥ መኖር አለበት። ሰዉ በአፉ «ኒፒያስ» የሚለው ዝርዝር ነው፤ ወደ 3,300 የሚጠጉ ኤርፖርቶች አሉበት። ሥራው በሕጉ የሚፈቀድ መሆን አለበት። አስፈላጊነቱ መረጋገጥ አለበት። በጸደቀው የኤርፖርቱ ፕላን ላይ መታየት አለበት። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማው ማለቅ አለበት። መሬቱ የኤርፖርቱ ባለቤት ንብረት መሆኑ መታወቅ አለበት። የራስ መዋጮው ከየት እንደሚመጣ መታወቅ አለበት።

እነዚህ አንድ ነጥብ አያስጨምሩም። አንዱ ከጎደለ ግን ማመልከቻው እዚያው ይቆማል። ያየሁት ትልቁ መዘግየት የአካባቢ ግምገማው ላይ ነው። ያረጀ አስፋልት ማደስ አብዛኛውን ጊዜ በአጭሩ ያልፋል። ዛፍ የሚቆረጥበት፣ ረግረግ የሚነካበት፣ አዲስ መሬት የሚገዛበት ሥራ ከሆነ ግን ጥናቱ ራሱ ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ እሱን ሳትጀምሩ ለግንባታ ገንዘብ አትጠይቁ።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው ምዘናው የሚጀምረው ማመልከቻው ሲገባ ይመስለዋል። በዋናው የፌዴራል ፕሮግራም ግን ሥራው መጀመሪያ የሚገባው ኤርፖርቱ በየጊዜው በሚያድሰው የአምስት ዓመት የካፒታል ዕቅድ ውስጥ ነው። የኤፍ ኤ ኤ የአካባቢው ቢሮ ያንን ዕቅድ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብሎ ያየዋል። ማመልከቻው ሲጻፍ ዋናው ውይይት አልቋል። ቅጹ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ዲዛይኑ ተጠናቆ ጨረታው ከተከፈተ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም የግንባታ ግራንት መጠኑ በጨረታ በተገኘው ዋጋ እንዲሆን ይፈለጋል። በዕቅዱ ላይ ያልነበረ ሥራ ይዞ ድንገት መምጣት ለዚህ ነው የማያስኬደው።

## አንደኛው በር፦ በቀመር የሚደርሰው የኤ አይ ፒ ድርሻ

ኤ አይ ፒ፣ የኤርፖርት ማሻሻያ ፕሮግራም፣ በ1982 ሕግ የመጣ ነው። ለብዙ ዓመታት በዓመት 3.35 ቢሊዮን ዶላር ነበር። በሜይ 2024 የወጣው ሕግ ከ2025 እስከ 2028 የበጀት ዓመታት ወደ 4 ቢሊዮን ከፍ አድርጎታል።

ከዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል በቀመር ይከፋፈላል። በዓመት ከ10,000 በላይ ተሳፋሪ የሚነሳባቸው ኤርፖርቶች እንደ ተሳፋሪያቸው ብዛት ይደርሳቸዋል። ከዚያ በታች ያሉት፣ የግል አውሮፕላኖችና የበረራ ትምህርት ቤቶች የሚጠቀሙባቸው ትንንሾቹ፣ በዓመት እስከ 150,000 ዶላር አላቸው። ያ ገንዘብ ከተመደበበት ዓመት ጋር 4 ዓመት ይቆያል። ሳይነኩት ቢያጠራቅሙት 600,000 ዶላር ይሆናል ማለት ነው። ጊዜው ካለፈ ግን ከእጅ ይወጣል።

እዚህ ሚዛኑ ቀላል ነው። ወንፊቱን ያለፈ ሥራ ይከፈልለታል። ቅደም ተከተሉን ግን ያዩታል። ራንዌያችሁ ተሰነጣጥቆ እያለ በድርሻችሁ ሀንጋር፣ የአውሮፕላን ማሳደሪያ ቤት፣ ልንሥራ ብትሉ አያስኬድም። ትንንሽ ኤርፖርቶች ገቢ የሚያመጣ ሀንጋር እንዲሠሩ ይፈቀድላቸዋል፤ ይህ የሚሆነው ግን አውሮፕላን የሚንቀሳቀስበት ቦታ ፍላጎት ከተሟላ በኋላ ነው።

አንድ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት ነገር ልንገራችሁ። ዘንድሮ የማትሠሩበትን ድርሻ በአካባቢያችሁ ላለ ሌላ ኤርፖርት ማስተላለፍ ይቻላል። በጎረቤት ኤርፖርቶች መካከል ልክ እንደ ዕቁብ ሊሠራ ይችላል፤ ዘንድሮ እናንተ ትወስዳላችሁ፣ ከርሞ እነሱ። የኤፍ ኤ ኤ ስምምነት ያስፈልጋል።

## ሁለተኛው በር፦ በምርጫ የሚሰጠው የኤ አይ ፒ ገንዘብ

ትልቅ ሥራ በ150,000 ዶላር አይሠራም። የቀረው ከዚህ ነው የሚመጣው። ፉክክሩም እዚህ ነው።

ኤፍ ኤ ኤ ለእያንዳንዱ ሥራ ብሔራዊ የቅድሚያ ነጥብ ያሰላል። ነጥቡ ከ0 እስከ 100 ነው። አራት ነገር ይገባበታል፦ የኤርፖርቱ ዓይነትና መጠን፣ የሥራው ዓላማ፣ ሥራው የሚሠራበት የኤርፖርቱ ክፍል፣ የሥራው ዓይነት። ከአራቱ ጉልበት ያለው ዓላማው ነው። ቀመሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባል። አንዴ ከሌሎቹ ጋር ይደመራል፤ ከዚያ ድምሩን መልሶ ያባዛዋል። ዓላማው ዝቅ ያለ ሥራ ሌላው ሁሉ ቢያምርለት ከፍ አይልም።

በዓላማ ደህንነትን የሚቀድመው የለም። ያረጀውን መልሶ መሥራትም ጥሩ ቦታ አለው። በክፍል ደግሞ ራንዌይ ከታክሲዌይ፣ ማለትም አውሮፕላኑ ወደ ራንዌዩ ከሚሄድበት መንገድ፣ ይበልጣል፤ ታክሲዌይ ከአውሮፕላን ማቆሚያው ይበልጣል። ተርሚናል ሕንጻ ታች ነው። ስለዚህ ለዓይን የሚያምር የመግቢያ አዳራሽ ይዛችሁ ወደዚህ በር ከመጣችሁ በቀመሩ ራሱ ተሸንፋችሁ ነው የገባችሁት።

አንድ ጊዜ ከአንድ ትንሽ ኤርፖርት ሥራ አስኪያጅ ጋር ራንዌዩን በእግር ሄድንበት። ጠዋት ነበር፤ ጤዛው ገና አልደረቀም። ስንጥቆቹ ውስጥ ሣር በቅሏል። ሰውየው ጎንበስ አለና ከአንዱ ስንጥቅ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጠጠር አወጣ። መዳፉ ላይ አድርጎ «ይቺ ፕሮፔለር ውስጥ ብትገባ የሚሆነውን አስበው» አለኝ። ያቺ ጠጠር በማመልከቻው ላይ በፎቶ ልትገባ ትችላለች። ለመዛኙ የምትናገረው ግን በቁጥር ስትተረጎም ነው። አስፋልት ከ0 እስከ 100 የሚሰጠው የጤንነት ልኬት አለ፤ ባለሙያ ስንጥቁን እየለካ የሚያወጣው። ልኬቱ በየጊዜው ሲወርድ የሚያሳይ መዝገብ ካላችሁ ከአሥር የድጋፍ ደብዳቤ ይበልጣል። መዝገቡ ከሌለ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣባችኋል፤ ቀድሞ በተሰጣችሁ ገንዘብ የተሠራውን አስፋልት ስትንከባከቡ ነበር ወይ? መንከባከብ ግራንቱን ስትቀበሉ የገባችሁት ግዴታ ነውና።

ነጥቡ ብቻውን አይወስንም። የአካባቢው ቢሮ፣ የክልሉ ቢሮና ዋሽንግተን ያለው ቢሮ በየደረጃው ሥራዎቹን ያስተያያሉ። አቅም ለማስፋት ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ የጥቅምና የወጪ ትንተና ያቀርባል። የተጠራቀመ የቀመር ድርሻችሁን ሳትነኩ የምርጫ ገንዘብ ብትጠይቁ «መጀመሪያ ያላችሁን አውጡ» ትባላላችሁ። ትክክልም ይመስለኛል።

እስቲ በሒሳብ እንየው። ቨርጂኒያ ያለ ትንሽ ኤርፖርት የአውሮፕላን ማቆሚያውን በ2 ሚሊዮን ዶላር ሊያድስ ፈለገ እንበል። በመደበኛው ድርሻ የፌዴራሉ መንግሥት 90 በመቶ ይችላል፤ 1.8 ሚሊዮን። የቨርጂኒያ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤት 8 በመቶ፤ 160,000። ከተማዋ 2 በመቶ፤ 40,000። አራት ዓመት የተጠራቀመ 600,000 ዶላር ካላት ከምርጫው ገንዘብ የምትጠይቀው 1.2 ሚሊዮን ብቻ ነው። በኔ እምነት 600,000 ይዞ የመጣና ባዶ እጁን የመጣ ጠያቂ እኩል አይታዩም።

ለትልልቆቹና ለመካከለኞቹ ኤርፖርቶች የፌዴራሉ ድርሻ በአብዛኛው 75 በመቶ ነው። ለትንንሾቹ 90 ነው። የ2024ቱ ሕግ ለ2025 እና ለ2026 የበጀት ዓመታት በጣም ትንንሾቹን ወደ 95 በመቶ ከፍ አድርጎላቸዋል። ከ2 ሚሊዮን ላይ የ5 በመቶ ልዩነት 100,000 ዶላር ነው። ለትንሽ ከተማ ቀላል አይደለም።

## ሦስተኛው በር፦ የመሠረተ ልማት ሕጉ የቀመር ድርሻ

በኖቬምበር 2021 የተፈረመው የመሠረተ ልማት ሕግ ለአቪዬሽን 25 ቢሊዮን ዶላር መደበ። 15 ቢሊዮኑ ለኤርፖርቶች በቀመር የሚከፋፈል ነው፤ በዓመት 3 ቢሊዮን፣ ከ2022 እስከ 2026 የበጀት ዓመታት። ኤ አይ ጂ ይሉታል።

በባሕርዩ ከመጀመሪያው በር ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ የሚፈቅደው ሥራ ሰፋ ማለቱ ነው። ራንዌዩም፣ ተርሚናሉም፣ ኤርፖርቱን ከባቡር ወይም ከአውቶቡስ የሚያገናኘው ሥራም ሊገባ ይችላል። የቆየ ዕዳ መክፈል ግን አይቻልም። ትንንሾቹ ኤርፖርቶች እንደየደረጃቸው ነው የደረሳቸው። በ2022 ዝቅተኛው ደረጃ 110,000 ዶላር፣ ከፍተኛው 763,000 ዶላር ነበር።

የአንድ ዓመት ድርሻ ከተመደበበት ዓመት ጋር 4 የበጀት ዓመት ይቆያል። የበጀት ዓመቱ ከኦክቶበር 1 እስከ ሴፕቴምበር 30 መሆኑን አትርሱ። ኮሚሽን ውስጥ ያላችሁ ሰዎች በሚቀጥለው ስብሰባ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፤ «ከኤ አይ ጂ ያልተነካ ስንት አለን? የየትኛው ዓመት ነው? መቼ ያልፍበታል?» በጊዜው ሳይነካ ያለፈ ገንዘብ በጣም ያንገበግበኛል።

## አራተኛው በር፦ የተርሚናል ውድድር

ይህኛው የተለየ ነው። ከዚያው ከ2021 ሕግ የመጣ 5 ቢሊዮን ዶላር ነው፤ በዓመት 1 ቢሊዮን፣ እስከ 2026 የበጀት ዓመት። ሙሉ በሙሉ ውድድር ነው። በ2022 የመጀመሪያው ዙር 85 ኤርፖርቶች አገኙ፤ የጠየቁት ግን ከዚያ እጅግ ይበልጡ ነበር።

ሚዛኑም ሌላ ነው። ከላይ ያየነው ቀመር ተርሚናልን ታች ያስቀምጣል። እዚህ ተርሚናሉ ራሱ ነው ጉዳዩ። የሚጠየቀው ተሳፋሪው ምን ያገኛል የሚለው ነው። አቅምና የተሳፋሪ መግቢያን ያሰፋል? ያረጀውን ይተካል? አካል ጉዳተኛ ያለ ችግር ያልፍበታል? ቀድሞ ዕድሉን ላላገኙ ማኅበረሰቦች ኤርፖርቱን ያቀርባል? ኃይል ይቆጥባል? ተርሚናሉን ከራንዌዩ በማራቅ ደህንነትን ያሻሽላል? አዲስ አየር መንገድ ገብቶ እንዲወዳደር በር ይከፍታል? ኤርፖርቶች በባለቤትነት የያዟቸው የበረራ መቆጣጠሪያ ማማዎችም በዚህ ፕሮግራም ይታያሉ።

ብዙዎቻችን የምናውቀውን ዋሽንግተን ዳለስን ውሰዱ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፍበት ነው። በ2022 ዙር 49.6 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ሥራው 14 የመሳፈሪያ በር ያለው አዲስ ኮንኮርስ፣ የተሳፋሪ አዳራሽ፣ ነው። በትንንሾቹ አውሮፕላኖች በዳለስ የተጓዘ ሰው ችግሩን በእግሩ ያውቀዋል፤ ከቤት ውጪ በብርድና በዝናብ ተሂዶ ነበር የሚሳፈረው። አንድ ሥራ ብዙ መስፈርት አንድ ላይ ይመታል ማለት ይህ ነው፤ አቅም ይጨምራል፣ አሮጌውን ይተካል፣ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው ዝናብ ላይ መውጣትን ያስቀራል። ዴንቨር በዚያው ዙር 60 ሚሊዮን አገኘ፤ ለሻንጣ ማስተላለፊያው ሥርዓት። ሻንጣ ማስተላለፊያ በፎቶ አያምርም። አርጅቶ ሲቆም ግን ኤርፖርቱን በሙሉ ያቆማል።

የዊልቸር ሥራ የሚሠሩ ወገኖች አካል ጉዳተኛን የሚመለከተውን መስፈርት ከማንም በላይ ያውቁታል። አንድ ኤሊቬተር ብቻ ያለው ተርሚናል ውስጥ ኤሊቬተሩ ሲበላሽ አዛውንቷን እናት ይዞ መቆም ምን እንደሆነ ቢነግሯችሁ ማመልከቻው ሌላ ነገር ይሆናል። ማመልከቻ የምትጽፉ ሰዎች፣ እነሱን ጠይቁ። በየቀኑ ስንት ሰው፣ በየትኛው በር፣ ስንት ደቂቃ ይጠብቃል? ቁጥሩ እነሱ ጋ አለ።

ገንዘቡ በኤርፖርት መጠን ተከፋፍሏል። ከዓመቱ ገንዘብ ለትልልቆቹ ከ55 በመቶ፣ ለመካከለኞቹ ከ15፣ ለትንንሾቹ ከ20 በመቶ አይበልጥም። ለበጣም ትንንሾቹ ቢያንስ 10 በመቶ ተጠብቋል። ስለዚህ ትንሽ ኤርፖርት ከዳለስ ጋር እንዳልተፎካከረ ይወቀው። ድርሻውም ጥሩ ነው፤ ለትልልቆቹና ለመካከለኞቹ 80 በመቶ፣ ለሌሎቹ 95።

ሁለት ነገር ያስበልጣል። አንዱ ሥራው ብቻውን ሲያልቅ አገልግሎት የሚሰጥ ሙሉ ነገር መሆኑ፤ ግማሽ ሕንጻ አይፈለግም። ሌላው ለግንባታ መድረሱ። የመወዳደሪያ ማስታወቂያውን ደግሞ የዚያኑ ዓመት ቅጂ አንብቡ። ሕጉ አንድ ቢሆንም የየአስተዳደሩ ትኩረት ይለያያል፤ የአምናውን ማመልከቻ ቀኑን ብቻ ቀይሮ መላክ ያስጥላል።

## አምስተኛው በር፦ የስቴቱ ገንዘብ

ይህን በር ብዙ ሰው ለመዋጮ ማሟያ ብቻ ያየዋል። ከዚያ በላይ ነው። ቨርጂኒያ ለምሳሌ ከካፒታል ሥራው ሌላ ለጥገና፣ ለመሣሪያና ኤርፖርቱን ለማስተዋወቅ የተለያየ ፕሮግራም አላት። ፌዴራሉ ስንጥቅ መሙላት ላይ ብዙም አይገኝም፤ ስቴቱ ግን ሊገኝ ይችላል። ያቺን ጠጠር ያስታወሰ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል።

በ10 ስቴቶች ደግሞ ነገሩ ይለያል። ጆርጂያ፣ ቴክሳስ፣ ኖርዝ ካሮላይና፣ ቴነሲ፣ ሚሺጋን፣ ኢሊኖይ፣ ሚዙሪ፣ ፔንሲልቬኒያ፣ ዊስኮንሲን እና ኒው ሃምፕሻየር የትንንሽ ኤርፖርቶችን የፌዴራል ገንዘብ ራሳቸው ተቀብለው ያስተዳድራሉ። አትላንታ ወይም ዳላስ አካባቢ ባለ ትንሽ ኤርፖርት የምትሠሩ ከሆነ ጥያቄያችሁን በዋናነት የሚያየው የስቴቱ መሥሪያ ቤት ነው።

## ግራንት የሚመስሉ ሌሎች ሁለት

አንዱ የትንንሽ ከተሞች የአየር አገልግሎት ድጋፍ ነው። የሚሰጠው የትራንስፖርት ሚኒስቴሩ ነው። ለግንባታ አይሆንም። አየር መንገድ ለመሳብ የገቢ ዋስትና፣ ማስታወቂያ፣ ጥናት የመሳሰለውን ይከፍላል። በዓመት ከ40 ግራንት አይበልጥም፤ ከአንድ ስቴት ከ4 አይበልጥም። ሚዛኑ የትኬት ዋጋው ከሌላው ቦታ ይበልጣል ወይ፣ ከተማዋ ከኤርፖርቱ ገቢ ውጪ ታዋጣለች ወይ፣ የግል ዘርፉስ አብሮ አለ ወይ ይላል።

ሌላው ከትኬት ላይ የሚቆረጠው የተሳፋሪ ክፍያ ነው፤ በአንድ መሳፈር እስከ 4.50 ዶላር። ግራንት አይደለም፣ የኤርፖርቱ ገቢ ነው። ነገር ግን ለግራንቱ መዋጮ ሊሆን ይችላል። ተሳፋሪ ለሌለው ኤርፖርት ምንም አይጠቅምም።

## ባጭሩ

| ምንጭ | ውድድር አለው? | መዛኙ ቀድሞ የሚያየው | የሚሸፍነው ድርሻ | የሚሻለው |
|---|---|---|---|---|
| የኤ አይ ፒ ቀመር | የለም | ሥራው ይፈቀዳል ወይ፣ ቅደም ተከተሉ ልክ ነው ወይ | 75 ወይም 90 በመቶ | አነስተኛ እድሳት፣ ለማጠራቀም |
| የኤ አይ ፒ ምርጫ | ብርቱ | ደህንነት፣ ራንዌይ፣ የጉዳት ልኬት | 75 ወይም 90 በመቶ | ራንዌይና ታክሲዌይ |
| ኤ አይ ጂ | የለም | ይፈቀዳል ወይ፣ ጊዜው አላለፈም ወይ | እንደ ኤ አይ ፒ | ሰፋ ያለ ሥራ፣ ተርሚናልም ጭምር |
| የተርሚናል ውድድር | በጣም ብርቱ | የተሳፋሪው ጥቅም፣ የአካል ጉዳተኛ መዳረሻ፣ ዝግጁነት | 80 ወይም 95 በመቶ | ተርሚናል፣ ማማ |
| የስቴት ገንዘብ | እንደ ስቴቱ | የስቴቱ ቅድሚያ | እንደ ስቴቱ | መዋጮ፣ ጥገና፣ መሣሪያ |
| የአየር አገልግሎት ድጋፍ | አለ | የትኬት ዋጋ፣ የከተማዋ መዋጮ | እንደ ማመልከቻው | አየር መንገድ ለመሳብ |

በ2025 እና በ2026 በጣም ለትንንሾቹ 90 የተባለው 95 እንደሚሆን አስታውሱ።

## እንደየአቅማችሁ

የራሳችሁ ካዝና ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ከሆነ በውድድር አትጀምሩ። የቀመር ድርሻችሁን አጠራቅሙ፤ ስቴቱ ምን ያህል እንደሚጨምርላችሁ ጠይቁ። የመጀመሪያውን ገንዘብ ደግሞ ለአስፋልት ልኬቱና ለፕላኑ እድሳት አውጡት። እነዚህ ሁለቱ ከሌሉ ቀጣዩ ጥያቄያችሁ ሁሉ ባዶ እጁን ነው የሚሄደው።

ራንዌያችሁ የተጎዳ ከሆነ የቀመር ድርሻችሁን ይዛችሁ ወደ ምርጫው ገንዘብ ሂዱ። ሥራውን በስሙ ጥሩት። «ማሻሻያ» አትበሉ፤ «መልሶ ግንባታ» ከሆነ መልሶ ግንባታ በሉት። በቀመሩ ላይ ቃሉ ነጥብ ነው።

ተርሚናል ከሆነ ሐሳባችሁ የቀመር ገንዘባችሁን ለዲዛይንና ለአካባቢ ግምገማ አውሉት፤ ለግንባታው ተወዳደሩ። ዲዛይኑ ያላለቀ ሥራ ይዞ መወዳደርን አልመክርም።

አየር መንገድ ትቶ የሄደባት ከተማ ከሆነች ሕንጻ አይደለም የጎደላት። የአየር አገልግሎት ድጋፉን በር አንኳኩ።

ራንዌይ ማስረዘም የምትመኙ ደግሞ ገንዘብ ከመጠየቃችሁ በፊት መቁጠር ጀምሩ። ነዳጅ የሚሸጠው ሰው መዝገብ፣ የበረራ ዕቅዶች፣ ከጄት ባለቤቶች በጽሑፍ የተገኘ ማረጋገጫ። 500 እስኪሞላ ሥራው ምኞት ነው።

## ከመፈረም በፊት

የፌዴራል ግራንት ስትቀበሉ ወደ 40 የሚጠጉ ግዴታዎች ትፈርማላችሁ። ብዙዎቹ 20 ዓመት ይቆያሉ። በግራንት የተገዛ መሬት ላይ ያለው ግዴታ ደግሞ ማብቂያ የለውም። የኤርፖርቱ ገቢ ለኤርፖርቱ ብቻ ነው፤ ከተማዋ ለመንገዷ ወይም ለፖሊሷ ልትወስደው አትችልም። ለአንድ ነጋዴ ብቻ ኤርፖርቱ ላይ የመሥራት መብት ሰጥቶ ሌላውን መከልከል አይቻልም። ሀንጋር ውስጥ አውሮፕላን እንጂ የቤት ዕቃ አይከማችም። ኤርፖርቱን ዘግቶ ቤት መሥራትም አይታሰብም። ምክር ቤታችሁ ውስጥ ይህን የሚያስብ ሰው ካለ ከመፈረሙ በፊት ይናገር።

ከማመልከቻው ጋር የሚሄዱ ትንንሽ ነገሮችም አሉ። በፌዴራሉ የተቀባዮች መዝገብ ላይ ያላችሁ ምዝገባ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ካለፈበት ገንዘቡ አይለቀቅም። የቆየ ግራንት ሳይዘጋ ካለ ዝጉት።

ጋሼ ማህደራቸውን ይዘው ተመለሱ። በቀጣዩ ስብሰባ ኮሚሽኑ ቅደም ተከተሉን ቀየረ። አሁን የሚጠይቁት የተሰነጠቀውን የአውሮፕላን ማቆሚያ ለማደስ ነው፤ ያልተነካውን የአራት ዓመት ድርሻቸውንም ይዘው ነው። ራንዌይ ማስረዘሙ ወደ አምስት ዓመቱ ዕቅድ መጨረሻ ወርዷል። ነዳጅ የሚሸጠው ልጅ ደግሞ ያረፈውንና የተነሳውን ጄት ሁሉ ከነዓይነቱ በቀኑ እየመዘገበ ነው። በየወሩ መጨረሻ ጋሼ ይደውሉለታል።